ታንጉት ያልቀመሰችው ጽዋ

በቡሬ ከተማ፣ ከአሮጌው የእህል ተራ በስተጀርባ፣ በርበሬ ነጋዴዋን ታንጉትን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግና ጨበጥ ስታደርገው፣ እርጥበቱን ብቻ ሳይሆን የየትኛው ቀበሌ አፈር እንዳበቀለው ትናገራለች ይባልላታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ገበያ ትወርዳለች፤ ሌላውን ቀን ከግቢዋ ሸራ አንጥፋ ዛላውን ስታገላብጥ ትውላለች። ጨዋታ ዐዋቂ ናት። ገበያተኛ ሲከራከራት፣ “ወስደህ ቅመሰው፤ ካላስለቀሰህ መልሰህ አምጣው” ትላለች። እንዲያ ስትስቅ ያያት ሰው፣ ይህች ሴት ስድስት ዓመት ሙሉ ቂም አርግዛ እንደምትዞር ከቶ አይጠረጥርም ነበር።

ቂሟ በአንድ የጠረፍ ጠባቂ ላይ ነው። ታናሽ እኅቷን ሰብሊን የገደለባት እርሱ ነው። ሕግ ዐዋቂ ቢጠየቅ ገዳይ አይለው ይሆናል፤ ጥይት አልተኮሰም፣ ዱላም አላነሣም። በር ቆልፎ ምሳውን ሊበላ ሄደ እንጂ።

ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም. በሚያዝያ ነው። እኅትማማቾቹ የተወለዱት ከሽንዲ ወዲያ ካለች ገጠር ነበር። አባታቸው ሲሞት መሬቱ ለአምስት ተከፈለ፤ ለሁለቱ ሴቶች የደረሳቸው ተደምሮ አንድ ጥማድ አይሞላም። ሰብሊ ዐሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም። ያን ጊዜ “ዘሩ እባላለሁ” የሚል ደላላ ከቡሬ ብቅ አለና ከጠረፉ ማዶ የቤት ሠራተኛ እንደሚፈለግ አወራ። ለመሄድ የቆረጠችው ታንጉት ናት። ሰብሊን አባብላ ያስከተለችም ራሷ ናት፤ ይህን አንድም ቀን ክዳ አታውቅም።

በባሕር ዳር፣ በጎንደር አድርገው ወደ ቆላው ወረዱ። ጠረፉ አንድ ሰዓት መንገድ ሲቀረው፣ ዐሥራ አንድ ሆነው ሲጓዙ፣ በጠባቂዎች እጅ ወደቁ። ኬላው ስሙን እንኳ ያልሰሙት፣ ሁለት ጎጆና አንድ ግራር ያለበት ቦታ ነበር። በእግራቸው እንዳያመልጡ ጫማቸውን አስወለቋቸው። አለቃ መሳይ የሆነው ሰው ቀጭን ዘንግ ይዞ መጣና የእያንዳንዳቸውን አናት መታ እያደረገ ቆጠራቸው። “አንድ… ሁለት… ሦስት…” ይል የነበረው፣ ቃሉን በአፍንጫው ጎተት እያደረገ ነው። ታንጉት ሰባተኛ፣ ሰብሊ ስምንተኛ ነበሩ። ቆጥሮ ሲያበቃ፣ ሰሊጥ ይከማችበት ከነበረ የቆርቆሮ መጋዘን አስገብቶ ቆለፈባቸው። የደላላውን እውነተኛ ስም እስኪናገሩ በሩ እንደማይከፈት ነገራቸው።

“ዘሩ ነው ስሙ” አሉ።

“ዘሩ የሚባል ሺሕ ሰው አለ” አላቸው።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ጄሪካን ውኃ ገባላቸው። በሁለተኛው ቀን ምንም አልገባም። ቆርቆሮው በቀትር ሲግል እጅ አያስነካም። በሦስተኛው ቀን በሩ ሲከፈት ሰብሊ አልነበረችም፤ ሰውነቷ ብቻ ነበር። ቄስ በሌለበት፣ ፍትሐት በሌለበት፣ አብረዋት የታሰሩት ልጆች አንዲት አካፋ እየተቀባበሉ ከመንገድ ዳር ቀበሯት። ታንጉት አገሯ ስትመለስ ለእናቷ “ወባ ነው” አለቻት። ሌላ የምትለው አላገኘችም።

*

ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ታንጉት የዘመን መለወጫ ጤፏን ለማስፈጨት ገበያው ግርጌ ወደተከፈተው አዲስ ወፍጮ ቤት ሄደች። ባለወፍጮው ሃምሳ አለቃ ክንፈሚካኤል የሚባል፣ ጡረታ የወጣ፣ ወዘናው ያልሄደ ሰው ነው። ለባልቴቶች ተራ ያስቀድማል፣ የአቅመ ደካማውን ጆንያ ራሱ ያነሣል እየተባለ ተወርቶለታል። ታንጉት ጆንያዋን አስደግፋ ስትቀመጥ፣ ሰውየው በቀጭን ዘንግ የተደረደሩትን ጆንያዎች መታ መታ እያደረገ መቁጠር ጀመረ።

“አንድ… ሁለት… ሦስት…”

ታንጉት ድምፁን ዐወቀችው።

“… ሰባት። የሰባተኛው ባለቤት ማን ነው?”

“እኔ ነኝ” አለች።

“ምነው እታለም፣ ወባ ያዘሽ እንዴ? ትንቀጠቀጫለሽ።”

“የክረምት ብርድ ነው። አንቱ ለአገሩ እንግዳ ነዎት?”

“ኧረ ወዲህ ነኝ፤ የፍኖተ ሰላም ገጠር ልጅ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ጠረፍ ላይ ቀለጥሁ። አሁን እንግዲህ ከሰው ልቀላቀል ብዬ ነው።”

“ጠረፍ ላይ ምኑን ይጠብቃሉ?”

“ሰው ነዋ። እንደ ጥንቸል ከቁጥቋጦው ብቅ ይሉልሻል። ስትይዣቸው ደግሞ ሁሉም ዘመድ ጠያቂ ነው። ከዚያ በረሃ ውስጥ ምን ዘመድ አለ? ጦጣ ነው ዘመዱ?”

ወፍጮ ቤቱ ሳቀ። ታንጉትም አብራ ሳቀች። ያ ሳቅ እንደ ኮሶ ለብዙ ቀን አፏ ውስጥ መረራት። ሃምሳ አለቃው ግን ዱቄቷን ተሸክሞ እስከ መንገድ አደረሰላት። አላወቃትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ያሉት አባቶች ይህን ዐይተው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ታንጉት እንቅልፍ አጣች። ልክሰሰው አለች፤ በምን ማስረጃ? ወፍጮውን ላቃጥለው አለች፤ ወፍጮ መልሶ ይተከላል። አንድ ቀን የዱለት ቢላዋ ስታስል ራሷን አገኘችና ደነገጠች። ልትወጋው ፈርታ አይደለም፤ ቢላዋ ቶሎ የሚጨርሰው ነገር መሆኑ ነው ያልጣማት። እርሱ ሦስት ቀን ነው የፈጀው።

መንገዱን ያሳያት ራሱ ክንፈሚካኤል ነው። መስከረም ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ታንጉት አባል ወደሆነችበት የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር መጣና “በስሙ ተጠርቼ ከጽዋው ውጭ መኖሬ ከብዶኛል፤ ተቀበሉኝ” አለ።

ይህ ማኅበር ከአባቶች የወረደ ሥርዐት አለው። በወር በወሩ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ቄሱ ይባርካል፤ ጽዋው ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ቂም የያዘ ግን ከጽዋው አይቀምስም። ሙሴ የሚባለው አለቃቸው አስቀድሞ ይጠይቃል፤ የተቀያየመ ካለ ይናገራል፤ ተበዳይም በዳይም እስኪታረቁ ድረስ ሁለቱም ከጽዋው ውጭ ይሆናሉ። አዲስ ገቢ ሲመጣም ሙሴው “የሚቃወም አለ?” ይላል፤ ዝም ከተባለ ሰውየው ገባ ማለት ነው። አዲሱ ሰው ጽዋውን የሚቀምሰው ግን ተረኛ ሆኖ በቤቱ በደገሰ ዕለት ነው።

“የሚቃወም አለ?” አሉ አያ አድማሴ፣ የማኅበሩ ሙሴ።

ታንጉት ዝም አለች። ብትናገር ኖሮ ክንፈሚካኤል ያለ ጩኸት ከበር ይመለስ ነበር። እርሷ ግን ከበር እንዲመለስ አልፈለገችም። ገብቶ፣ ደግሶ፣ ሰው ጠርቶ፣ ከንፈሩን ወደ ጽዋው ሲያስጠጋ እንዲመለስ ነው የፈለገችው። ተራው ለኅዳር ሚካኤል ተሰጠው፤ ከዓመቱ ሁሉ ትልቁ በዓል ነውና ደስ አለው።

በዚያ ቀንም፣ በጥቅምትም፣ ጽዋው ታንጉት ዘንድ ሲደርስ በእጇ ተቀብላ፣ ተሳልማ፣ ሳትቀምስ አሳለፈችው። አጠገቧ ከምትቀመጠው ከጎረቤቷ ከበለጠች ዐይን ይህ ነገር አላመለጠም።

“አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው ጽዋውን የምትዘይው?”

“መድኃኒት ይዣለሁ።”

“የምን መድኃኒት? አረገዝሽ እንዴ?”

“ከማን ላርግዝ? ከበርበሬው?”

“እሱስ ቢሆን ቀይ ልጅ ትወልጂ ነበር” አለች በለጠች፤ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ቂም ከሆነ ተናገሪው፤ በሆድ የተቀመጠ ቂም ባለቤቱን ነው የሚበላው” አለቻት።

“ይብላኝ። ጥቂት ነው የቀረው” አለች ታንጉት።

*

ኅዳር ዐሥራ ሁለት ደረሰ። ክንፈሚካኤል ሁለት ሙክት አርዶ፣ አራት ጋን ጠላ አስጠምቆ፣ ማኅበርተኛውን ብቻ ሳይሆን የእህል ተራውን ነጋዴ፣ የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ ጠራ። ግቢው በዳስ ተሸፈነ። እርሱ ነጭ ለብሶ “ግቡ፣ ኑሩልኝ” እያለ ይዞራል። ሚስቱ ደከም ያለች፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት፤ ከወጡ አጠገብ ጭልፋ ይዛ ቆማለች። ታንጉት ወደዚያች ሴት ላለማየት አንገቷን አዞረች።

ቄስ ገብረሰንበት ጸሎቱን አድርሰው ጽዋውን ባረኩ። አያ አድማሴም ተነሡ።

“እንግዲህ እንደ ልማዳችን ነው። የተቀያየመ፣ ቂም የያዘ፣ በሆዱ ክፉ ነገር ያለ ካለ ይናገር።”

ወትሮ ከዚህ ቃል በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ይሳልና ጽዋው ይነሣል። ታንጉት ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች።

“እኔ አለኝ።”

“በማን ላይ ነው ልጄ?”

“በባለድግሱ።”

ክንፈሚካኤል ፈገግ አለ። “እታለም፣ ዱቄቱ ሻክሮብሽ ከሆነ ነገ መልሰን እንፈጨዋለን።”

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እርሷ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

“በ2007 ሚያዝያ ዐሥራ አንድ ሰው ከቆርቆሮ ቤት ቆልፈህ ነበር። ታስታውሳለህ?”

አንቱታው መቅረቱን ሁሉም ሰማ።

“ብዙ ሰው ቆልፌያለሁ። ሥራዬ ነበር።”

“ከነዚያ መካከል አንዲት ልጅ ሞተችብህ።”

“ታማ ነበር” አለ ክንፈሚካኤል።

ያን ጊዜ ማስታወሱን ዳሱ ሙሉ ሰው ዐወቀ።

“አልታመመችም። ተጠማች” አለች ታንጉት። “ስሟ ሰብሊ ነው፤ የናቴ ልጅ ናት። እኔ በሩን እየደበደብሁ፣ በሚካኤል ይዤሃለሁ፣ አንድ ኩባያ ውኃ ስጣት አልሁህ። አንተ ምን ብለህ መለስህልኝ? ለነዚህ ሰዎች ንገራቸው።”

እርሱ መሬት መሬት አየ።

“እንግዲያው እኔ ልናገርልህ። ‘ሚካኤል በዚህ ኬላ ተረኛ አይደለም’ አልኸኝ። ጓደኞችህም ሳቁ።”

አንዲት አሮጊት አማተቡ። ክንፈሚካኤል ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል፤ ድምፁ ግን አልጠፋም።

“ታዝዤ ነው። ስም ሳያወጡ እንዳይከፈት ተብዬ ነበር። ደግሞስ ልጅቱን ከእናቷ ጉያ አውጥቶ በረሃ ያደረሳት ማን ነው? እኔ ነኝ?”

“እኔ ነኝ። በዚያስ በራሴ ላይ ስፈርድ ስድስት ዓመቴ ነው። ቁልፉ ግን ካንተ ወገብ ላይ ነበር።”

አያ አድማሴ ተቆጡ። “በመስከረም ጠይቄ ነበር ታንጉት። ያን ጊዜ ለምን ዝም አልሽ? ይህን ሁሉ ሰው በድግስ መካከል ለምን ታሳፍሪዋለሽ?”

“ድግሱ ይድረስ ብዬ ነው፣ አያ።”

ቄስ ገብረሰንበት ከዚህ በላይ አልጠበቁም። “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሆንብናል” አሉና ጽዋውን በመሸፈኛው ጠቅልለው ከዳሱ ወጡ። ጽዋው ከወጣበት ቤት ደግሞ ተቀምጦ የሚበላ የለም። ሰዉ አንድ በአንድ ተነሣ። ወጡ በየድስቱ ቀረ፤ አራቱ ጋን ጠላ ሳይቀዳ ቀረ። ታንጉት መጨረሻ ላይ ወጣች፤ የወጡ ስብ እስኪረጋ ቆማ ዐየች። ደስ አላት። ደስታዋ እንግዳ ነገር ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልበላች ሰው የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደዋጠች ያለ።

ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ወፍጮ አትሂዱ ያለ ሰው የለም። ጆንያው ግን በገዛ እጁ መንገድ ቀይሮ ወደ ላይኛው ወፍጮ መሄድ ጀመረ።

*

ሽማግሌዎች ታንጉት ዘንድ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ።

“ምን ይደረግልሽ? ካሳም ቢሆን…” አሉ አያ አድማሴ።

“ካሳ ምን ያደርግልኛል?”

“ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?”

“ከውጭ እንዲቀር።”

“እርሱ ከውጭ ሲቀር አንቺም ትቀሪያለሽ እኮ” አሉ ቄስ ገብረሰንበት። “ሥርዐቱ ለሁለታችሁም አንድ ነው። ማኅበርሽን፣ ጽዋሽን ነው የምታጪው።”

“ዐውቃለሁ፣ አባ። እኔ እስካልጠጣሁ ድረስ እርሱም አይጠጣም። ከዚህ የሚሻል አጥር አላገኘሁም።”

በሦስተኛው ሽማግሌዎቹ ብልሃት ፈጠሩ። በጥር ወር አንድ ረፋድ፣ ታንጉት የፍኖተ ሰላም በርበሬዋን በሰፊ ሸራ አስጥታ ሳለ፣ በሩ ተንኳኳ። አያ አድማሴና ቄሱ ቆመዋል። በመካከላቸው፣ ነገሩን ሁሉ ነግረው ከሽንዲ በሚኒባስ ያስመጧት እናቷ፣ ጥቁር ነጠላዋን እንደለበሰች ቆማለች። ከበስተኋላቸው ክንፈሚካኤል ራሱን ገልጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ማጅራቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ በሁለት እጁ ደግፎ ቆሟል።

ይህ በአገሩ የመጨረሻው የይቅርታ ልመና ነው። ድንጋዩን የሚያወርደው ተበዳዩ ብቻ ነው። ተሸካሚው ራሱ ካወረደው እርቁ ፈርሷል፤ ሁለተኛ ሽማግሌ አይቆምለትም።

እናትዮዋ ከደጁ መደብ ላይ ተቀመጠች።

“ወባ ነው ያልሽኝ” አለች።

“አዎ፣ እማ።”

“ስድስት ዓመት ወባን ስረግም ኖርሁ።”

እናቷ ወደ ተጎነበሰው ሰው ዞረች።

“አንተ ሰው፣ ልጄ ስትሞት ማንን ጠራች?”

“አላውቅም፣ እናቴ። በሩ ዝግ ነበር።”

“አንተስ የት ነበርህ?”

“ከውጭ። ከግራሩ ጥላ ሥር።”

ሰብሊ ማንን እንደጠራች ታንጉት ታውቃለች። የጠራችው ይህችን እናቷን ነው። አልተናገረችም።

ቄስ ገብረሰንበት ፊታቸው በራ፤ እናት ጠይቃ መልስ ካገኘች ልቧ ይራራል ብለው ነበር። “እንግዲህ እናታችን፣ የይቅርታው ቃል ከእርስዎ ቢጀምር…” አሉ።

እናትዮዋ ፀሐዩን አየች። ሸራውን አየች።

“ታንጉት፣ ፀሐዩ በረታ” አለች። “በርበሬው እንዳያርርብሽ አገላብጪው።”

ታንጉት መንሹን አነሣች። ከዳር ጀምራ ረድፍ በረድፍ፣ ሳትቸኩል፣ እንደ ወትሮዋ ታገላብጥ ጀመር። የበርበሬው ብናኝ ተነሥቶ ነፋሱ ወደ በሩ ወሰደው። ክንፈሚካኤል አስነጠሰው። ዐይኑ ፈሰሰ። ሁለት እጁ ድንጋዩን ይዟልና ሊጠርገው አልቻለም። ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። ታንጉት አንዱን ረድፍ ጨርሳ ወደ ሁለተኛው አለፈች።

“ልጄ፣ ሰው ነው” አሉ አያ አድማሴ።

“እኛስ ምን ነበርን፣ አያ?”

ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ። የሰውየው ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ጊዜ ወደ እርሷ ቀና ለማለት ሞከረ፤ የሚናገረው ያለ ይመስል ነበር፤ ሳል ያዘው። ታንጉት አራተኛውን ረድፍ ስትጀምር ከበስተኋላዋ የከበደ ነገር መሬት ሲመታ ሰማች። ዘወር አላለችም። ረድፉን እስከ ዳር ጨረሰች፤ ከዚያ ነው ያየችው። ድንጋዩ ከበሩ ሥር ወድቋል፤ ክንፈሚካኤል ማጅራቱን ይዞ፣ በለቅሶም በበርበሬም በቀላ ዐይኑ፣ ወደ መንገዱ እየወረደ ነው።

አያ አድማሴ ተከተሉት። ቄስ ገብረሰንበት ዘግየት ብለው መስቀላቸውን ከካባቸው አወጡ፤ ጥቂት አመነቱና ሳያሳልሙ መልሰው ከተቱት።

“ስምሽ ከማኅበሩ መዝገብ ይሰረዛል” አሏት።

“የእርሱስ?”

“የእርሱም።”

“እግዜር ይስጥልኝ፣ አባ” አለች ታንጉት፤ እጅ ነሣች።

እናቷና እርሷ ብቻቸውን ቀሩ። ወደ ከሰዓት በኋላ የጥር ነፋስ ተነሣ፤ የሸራውን ጠርዝ እያነሣ ዛላውን ይበትን ጀመር። ታንጉት ግቢው ውስጥ ክብደት የሚሆን ነገር ፈለገች። ወደ በሩ ሄደች፤ ድንጋዩን አቅፋ አመጣችና ነፋሱ በሚመጣበት በኩል በሸራው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ጥሩ ድንጋይ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከተቀመጠ አይንከባለልም።

“ያንንም ወገን ያዢው፣ እማ” አለች።